የቤት ሻጭ የሚያውቀውን ጉድለት በውሉ ላይ ያስፍር

በድሬዳዋ ቤት የሚገዛ ሰው ካርታውን አገላብጦ ያያል፤ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ያጣራል፤ የሻጩን የጋብቻ ሁኔታ ሳይቀር በማስረጃ ያረጋግጣል። ግድግዳውንና መሠረቱን ግን ብዙውን ጊዜ ደላላው እያጣደፈው በግማሽ ሰዓት ዞሮ አይቶ ቀብድ ይከፍላል። ለወረቀቱ የምናደርገውን ጥንቃቄ ለቤቱ መንፈጋችን ስንጥቁን በጄሶ ደፍኖ ለሚሸጥ ሰው አመቺ ሆኖለታል።

አንድ የማውቀው ቤተሰብ ሳቢያን ውስጥ ቤት የገዛው በጥር ወር፣ ግድግዳው ሁሉ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ሳለ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ከሳሎኑ መስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ወለሉ የሚወርድ ስንጥቅ ወጣ። ጄሶው ሲፋቅ ከሥሩ ቀድሞ በሲሚንቶ የተሞላ፣ እንደገና የተከፈተ አሮጌ ስንጥቅ ተገኘ። ልስን ሲደርቅ የሚፈጠረው እንደ ፀጉር የቀጠነ መሰነጣጠቅ ብዙም አያሳስብም፤ በሰያፍ የሚሄድና አንድ ጫፉ ከሌላው የሰፋ ስንጥቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ የመሠረቱ አንድ ወገን መስመጡን የሚያመለክት በመሆኑ በቀለም አይድንም። ያንን ስንጥቅ በሲሚንቶ ያስሞላ ባለቤት አላውቅም ነበር ቢል እኔ አላምነውም።

በእኛ ከተማ ደግሞ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን በአብዛኛው ደረቅ አሸዋ ሆኖ ይከርምና ከላይ ከተራራው ሲዘንብ በድንገት ይሞላል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለውን ጎርፍ የረሳ የድሬ ሰው የለም። በወንዙ ዳርቻ የሚሸጥ ቤት ውሃ ገብቶበት፣ መሠረቱም ተሸርሽሮ እንደሆነ በበጋ መጥቶ የሚያየው እንግዳ ከየት ያውቃል? የሚያውቁት ሻጩና ጎረቤቶቹ ናቸው።

ሻጮች «ዓይንህ እያየ ነው የገዛኸው» ይላሉ፤ በብዙ ውሎች ላይም ገዢው ቤቱን አይቶና ወድዶ እንደገዛ ይጻፋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢው ውሉ ሲፈረም ያወቀውን ወይም በግልጽ የሚታየውን ጉድለት ሻጩ ላይ አይጭንም፤ ሻጩ በተንኮል ለደበቀው ጉድለት ግን ከኃላፊነት ነፃ የሚያደርገውን የውል ቃል ዋጋ ያሳጣዋል። ችግሩ ያለው ማስረጃው ላይ ነው፤ ቀለም የተቀባው ለማሳመር ይሁን ለመደበቅ ከዓመት በኋላ ፍርድ ቤት ቆሞ ማስረዳት ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ገዢ ከቀብድ በፊት በሻጩም በደላላውም ያልተመረጠ መሐንዲስ ይዞ ይሂድ። መሐንዲሱም ከኮርኒሱ በላይ ያለውን እንጨትና ቆርቆሮ፣ የኮለኖቹን ሥር፣ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ይይ፤ ግድግዳ የተጠጋውን ቁም ሣጥን አስነሥቶ ከጀርባው ያለውን ይመልከት። ሙያተኛ ለማምጣት ገንዘብ የለኝም የሚል ገዢ እንዳለ አውቃለሁ፤ ሆኖም ለደላላ የሚከፈለው ኮሚሽን ሲታሰብ ለምርመራ የሚወጣው ገንዘብ የሚበዛ አይመስለኝም።

ከዚህ ጋር በየሽያጭ ውሉ ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመር፦ ሻጩ በቤቱ ላይ የሚያውቀውን ስንጥቅ፣ የውሃ መግባት፣ የመሠረት መስመጥና ከዚህ ቀደም የተደረገ ጥገና ዘርዝሮ፣ ከሌለም የለም ብሎ ይፈርም። ውል የሚያዘጋጁ የሕግ ባለሙያዎች ይህን ለመጀመር አዲስ መመሪያ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። ሻጩ እዚያ መስመር ላይ ለመፈረም ካመነታ፣ ገዢው ቀብዱን ይዞ ምክንያቱን ይጠይቀው።