ኩራዝና 4 ነጥብ

የአባዬ የማትሪክ ውጤት ሳሎን ተሰቅሏል። ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ ከማርያም ሥዕል ዝቅ ብሎ። ቅዳሜ ቅዳሜ ይወለወላል። 4 ነጥብ ነው፤ አንድ ቢ እንኳን የለበትም። እንግዳ ሲመጣ አቦሉ ሳይቀዳ ወሬው እዚያ ወረቀት ላይ ይደርሳል፣ ከወረቀቱ ደግሞ እኔ ላይ ይወርዳል። "በኩራዝ አጥንቼ ነው ያመጣሁት።" እንግዳው ወረቀቱን ያያል፣ እኔን ያያል፣ ከዚያ ቡናው ላይ ያተኩራል።

አባዬ የሒሳብ አስተማሪ ነው። ጎበዝ ነው፣ ጠላቱም አይክድም። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ በትዕግስት ደጋግሞ ያስረዳል። እኔ ጋ ሲደርስ ግን ትዕግስቱ የት እንደሚገባ እንጃ። "ኤክስን ወደዚያ ውሰዳት አልኩህ እኮ!" ኤክስ የምትሄድበትን ባውቅ ኖሮ አብሬያት በጠፋሁ።

በቀደም ስለ ሙዚቃ ደራሲው ሞዛርት አባት ሳነብ ሰውዬው ዘመዳችን መሰለኝ። ሊዮፖልድ ራሱ ቫዮሊን ተጫዋች ነው፤ ልጁ በተወለደበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1756፣ የቫዮሊን ማስተማሪያ መጽሐፍ አሳትሟል። ልጁን ገና በ6 ዓመቱ ከእህቱ ጋር ይዞ በየመኳንንቱ ፊት ያስጫውተው ጀመር። ልጅ አደገና ከሳልዝበርግ ወጥቶ ቪየና ከተመ፤ በ1782 አባቱ ያልወደዳትን ኮንስታንዜን አገባ። የአባትየው የፈቃድ ደብዳቤ የደረሰው በሰርጉ ማግስት ነው! (እኛ ጋ ቢሆን ሽማግሌ ተልኮ፣ ሁለቴ ተመልሶ፣ በሦስተኛው ያልቅ ነበር።) አባትየው በ1787 ሲሞት ልጁ ቀብር እንኳን አልሄደም። እንግዲህ ሞዛርት ሆኖም ከአባት ጋር መስማማት ካቃተ፣ እኔ በሒሳብ 52 አምጥቼ ምን ልሁን ነው?

አሁን ተራው የታናሽ ወንድሜ ነው፤ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነው። ባለፈው እሁድ ቤት ሄጄ እያለ፣ አባዬ ስለ ኩራዙ ጀምሮ መሀል ላይ ሳይደርስ መብራት እልም አለ። ወንድሜ ደብተሩን ዘጋ። "አባዬ፣ የታለ ኩራዙ?"

አባዬ ተነስቶ በዳበሳ ስልኩን አገኘ። ነካካው። ካሜራ ከፈተ፣ ሳያውቀው ለአክስቴ ደወለ፣ ዘጋ።

"ይሄ ባትሪው እንዴት ነበር የሚበራው?"

"አባዬ፣ ሦስቴ አሳይቼህ የለ! ወደ ታች ሳባት አልኩህ እኮ!"

አባዬ ቀና ብሎ ወደ ወረቀቱ አየ። ጨለማ ነው፣ ምንም አይታይም።