ከባዱ መጀመሩ ነው

ታናሽ ወንድሜ የዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። አንድ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ አዘዞ ባለው ቤታችን ላፕቶፑን ከፍቶ ተቀመጠ። በማግሥቱ የሚያስረክበው አሳይመንት ነበረው። አራት ሰዓት ላይ ስገባ ገጹ ላይ ያለው ስሙና የመታወቂያ ቁጥሩ ብቻ ነው። በመሃል ጫማውን አጥቧል። ቻርጀሩን ፈልጎ አግኝቷል። ጠረጴዛውን ወልውሏል። «ጀመርክ?» አልኩት። «አሁን ልጀምር ነው ጋሼ» አለኝ። አልዋሸኝም። ሁለት ሰዓት ሙሉ «አሁን ልጀምር ነው» ላይ ነበር።

ያን ማታ ያስጀመረችው እናታችን ናት። ለነገ ወጥ የሚሆን ምስር በሰፌድ ይዛ መጥታ አጠገቡ ቁጭ አለች። እዚያ መብራቱ ስለሚሻላት እንጂ ልትረዳው ብላ አይደለም። አንድም ቃል አልተናገረችውም። እሷ ጠጠሩን ስትለቅም እሱ መጻፍ ጀመረ። ምስሩ ተለቅሞ ሲያልቅ አንድ ገጽ ተኩል ደርሶ ነበር።

ወንድሜ ኤዲኤችዲ እንዳለበት ከሐኪም ከሰማን ዓመት አልሞላንም። እኔ ኮድ ጽፌ የምተዳደር ሰው ነኝ። አሁን ከሁለት ጓደኞቼ ጋር እንደ እሱ ላሉ ተማሪዎች ሥራ ለመጀመር የሚያግዝ አፕ እየነደፍን ነው። እንዲህ ያለ አፕ እዚህ ጎንደር ላይ ሲሠራ ምን መምሰል እንዳለበት የማምንበትን ልናገር።

ኤዲኤችዲን ብዙ ጊዜ «የትኩረት ማነስና ከልክ ያለፈ መቅበጥበጥ» እያልን እንተረጉመዋለን። ትርጉሙ ግን ዋናውን ነገር አይነካም። ወንድሜ ምን መሥራት እንዳለበት ያውቃል። መሥራትም ይፈልጋል። በማወቅና እጅን በማንሳት መካከል ያለው ድልድይ ነው የሚሰበርበት። አንጎል ሥራን የሚያስጀምርበት፣ ጊዜን የሚለካበትና ራሱን የሚገዛበት መንገድ ይለያል። የሩቅ ውጤት አይስበውም፤ ቅርብ ያለ ነገር ይስበዋል። ለዚህ ነው ሦስት ሳምንት ሙሉ ያልነካውን ሥራ በማስረከቢያው ዋዜማ ሌሊቱን ሲሠራው የሚያድረው። ያን ያየ ሰው «ሲፈልግ ይችላል» ይላል። ያ ፍርድ ልጁን ይጎዳዋል።

ነገሩ ስልክ ያመጣው አዲስ ጣጣ አይደለም። ጆርጅ ስቲል የተባለ እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪም በ1902 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ስለ እንዲህ ያሉ ልጆች ንግግር አድርጓል። በዓለም ላይ ከ100 ልጆች 5 ያህሉ እንዳለባቸው ይገመታል። 60 ተማሪ በሚቀመጥበት ክፍል 3 ያህል ልጅ ማለት ነው። ብዙዎቹ ሲያድጉም አብሯቸው ይዘልቃል። በእኛ ዘንድ እነዚህ ልጆች ሌላ ስም አላቸው፤ ሰነፍ፣ ዝንጉ፣ ቀዥቃዣ፣ ልበ ቢስ። ሴቶቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይንቀዠቀዡ በሐሳብ ስለሚሄዱ «ጨዋ ናት» ተብለው ይታለፋሉ።

ወደ አፑ ልመለስ። ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ዕቅድ ማውጫዎች ናቸው። ሥራህን ዘርዝር፣ በቅደም ተከተል አስቀምጥ፣ ቀለም ስጠው ይላሉ። ወንድሜ አንዱን አውርዶ ዕቅዱን ቀለም ሲቀባ አመሸ። ዕቅዱ አምሮ ነበር። ሥራው አልተነካም። ለመጀመር የሚቸገርን ሰው ዕቅድ አውጣ ማለት ሁለተኛ የሚጀምረው ሥራ መስጠት ነው። ስለዚህ አፑ ሲከፈት አንድ ነገር ብቻ ይታይ፤ የመጀመሪያዋ ትንሽ እርምጃ። «ሪፖርቱን ጻፍ» ሳይሆን «ፋይሉን ክፈት»። ከዚያ «ርዕሱን ጻፍ»። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለ ጀርመናዊ የስነ ልቦና ተመራማሪ በ1999 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ «ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ» ብሎ አስቀድሞ መቁረጥ ሐሳብን ወደ ተግባር ለማሻገር ይረዳል። መንገዱ ኤዲኤችዲ ባለባቸው ልጆች ላይም ተሞክሮ ጠቅሟል። በእኛ ቤት ቋንቋ ሲሆን፣ «ቡናው ሁለተኛው ሲቀዳ ደብተሩን አወጣለሁ» ማለት ነው። ሰዓት ከመቁጠር ይሻላል።

ሰዓት ካልኩ አይቀር፣ የውጭዎቹ አፖች እዚህ ትልቅ ጉድለት አለባቸው። ኤዲኤችዲ ያለበት ሰው የጊዜን ርቀት መገመት ይቸግረዋል። እኛ ደግሞ ሌላ ሸክም እንጨምርበታለን። መምህሩ «ኅዳር 15 ታስረክባላችሁ» ይላል፤ ስልኩ ኖቬምበር 24 ይላል። ጓደኛው «ማታ ሁለት ሰዓት እንገናኝ» ይለዋል፤ ስልኩ 20:00 ይላል። ለሌላው ሰው ቀላል ሒሳብ ነው። ለወንድሜ ግን ሥራ የሚበተንበት ስንጥቅ ነው። አንዴ ማንቂያውን ጠዋት ለሁለት ሰዓት ሞላሁ ብሎ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ቤቱን ሁሉ ቀስቅሷል። አፑ ከመጀመሪያው ቀን በእኛ ሰዓትና በእኛ ቀን መቁጠሪያ ይሥራ። ጳጉሜንም ጭምር።

ብዙ የተከራከርንበት ነገር ግን አንዲት ቃል ናት። ዋናው ቁልፍ ላይ ምን ይጻፍ? «ጀምር» ካልን አባት ሲቆጣ ይመስላል፤ ሴቶቹንም አይመለከትም። «ጀምር/ጀምሪ» ብሎ በመስመር መክፈል የቢሮ ቅጽ ያስመስለዋል። «ይጀምሩ» ደግሞ ባንክ የላከው መልእክት ነው። በመጨረሻ «እንጀምር» አልን። ወንድ ሴት አይለይም፣ አያዝም፣ ብቻህን አይደለህም ይላል። አማርኛ ይህን በአንድ ቃል ስለሰጠን ደስ ብሎኛል። አፑን ከእንግሊዝኛ ብንተረጉመው ኖሮ ይህችን ቃል አናገኛትም ነበር።

«እንጀምር» ሲል ግን እውነት መሆን አለበት። እዚህ ላይ ነው የእናቴ ሰፌድ የሚመጣው። ኤዲኤችዲ ያለባቸው ብዙ ሰዎች አጠገባቸው ሌላ ሰው የራሱን ሥራ እየሠራ ሲቀመጥ እንደሚቀላቸው ይናገራሉ። አይረዳቸውም፣ አይቆጣጠራቸውም፤ መኖሩ ብቻ ይበቃል። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በዙሪያችን ያለው ገበሬ ወንፈል ያውቃል፤ ዛሬ ያንተን እርሻ፣ ነገ የእኔን። በበአታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋም የሚማረው ደቀ መዝሙር መቋሚያውን ይዞ ከጓደኞቹ ጎን ቆሞ ነው የሚማረው። ስለዚህ በአፑ ንድፍ ውስጥ «ወንፈል» የሚባል ክፍል አስገብተናል። ሁለት ወይም ሦስት ተማሪዎች ምን እንደሚጀምሩ በአንድ መስመር ይጽፋሉ። ለ25 ደቂቃ ዝም ብለው ይሠራሉ። ቪዲዮ የለም፣ ወሬ የለም። ከማያውቁት ሰው ጋር ማገናኘት የሚለውን ሐሳብ ግን ጥዬዋለሁ። ሴት ተማሪን ማታ ከማታውቀው ሰው ጋር የሚያጣምር አፕ መሥራት አልፈልግም። ወንፈል ከሚተዋወቁ ሰዎች ጋር ነው።

ጓደኞቼ በቴሌግራም ቦት እንሥራው ብለውኝ ነበር። ተማሪው ሁሉ እዚያ ነው፤ የትምህርቱ ፋይልም እዚያ ነው የሚለቀቀው። ይገባኛል። ግን ትኩረቱ የሚበተንን ልጅ ገበያ መሃል አስቀምጦ አጥና እንደ ማለት ነው። ቁልፉ ሲነካ ስክሪኑ ይጥቆር፣ ስልኩ ይገልበጥ። ያለ ኢንተርኔትም ይሥራ፤ መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳልና።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ እቃወማለሁ። «14 ቀን ሳታቋርጥ ሠርተሃል» እያሉ የሚቆጥሩ አፖችን። በ15ኛው ቀን ሲቋረጥ ቁጥሩ ዜሮ ይሆናል። ወንድሜ ያኔ አፑን አይከፍተውም፤ ያጠፋዋል። ዕድሜውን ሙሉ የቆጠሩበት አንሶ ስልኩም ሊቆጥርበት አይገባም። ከወር በኋላ ቢመለስም የሚያየው ያችኑ ቃል ይሁን፤ «እንጀምር»።

አፑ ሐኪምን አይተካም። መድኃኒት የሚያስፈልገው መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ ያንን የሚወስነው ሐኪም ነው። አፑ ምርመራም አይጠይቅም፣ ኤዲኤችዲ የሚል ቃልም በስሙ ላይ አይኖርም። ዶርም ውስጥ ስልክ ከእጅ እጅ ይዞራል። ማንም ተማሪ በአፕ ምክንያት ስም ሊወጣለት አይገባም።

መምህራንን ግን አንድ ነገር ልለምን። የአሳይመንቱ ወረቀት ግርጌ ላይ «በዚህ ጀምሩ» የሚል አንድ መስመር ጨምሩበት። ከየትኛው ገጽ፣ ከየትኛው ጥያቄ። ለእናንተ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ከየትኛውም አፕ በላይ ይረዳል።

እኛ እስካሁን ኮድ አልጻፍንም። እርምጃዎቹን በትናንሽ ካርቶን ላይ ጽፈን ወንድሜ ጠረጴዛ ላይ ደርድረናቸዋል። ባለፈው ቅዳሜ የመጀመሪያውን ካርቶን አነሳው። «ላፕቶፑን ክፈት» ይላል። ትንሽ አየውና እስክሪብቶ አንስቶ ሰረዘው። ከላዩ «ወንበሩን ሳብ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወንበሩን ሳበ።