ከመልኩ በፊት ጤናው ይጠየቅ

በድመት አርቢዎች ዘንድ የማያልቅ ክርክር አለ። አንዱ ወገን ዝርያው እንዳይበረዝ ዘመድ ከዘመድ ይዳቀል ይላል፤ ሌላው የውጭ ደም ይግባ ይላል። እኔ ግን ከሁለቱም የሚቀድም ጥያቄ አለ ባይ ነኝ፤ የሚወለደው ግልገል ሳይታመም ይኖራል ወይ?

በዝምድና ማዳቀል ጥቅም የለውም አልልም። አባትን ከልጁ፣ ወንድምን ከእህቱ ማገናኘት የተፈለገውን መልክ በጥቂት ትውልድ ያጸናል። ነገር ግን የሚጸናው ጸጉሩና የዓይኑ ቀለም ብቻ አይደለም። በሁለቱም ወላጆች ውስጥ ተደብቆ የኖረው ጉድለትም በልጁ ላይ ይገናኛል። የበርሚዝ ዝርያን እንመልከት። ዘሩ በአብዛኛው የሚመዘዘው እ.ኤ.አ. በ1930 አሜሪካ ከገባች ዎንግ ማው ከተባለች አንዲት ድመት ነው። ኋላ ላይ እዚያው አሜሪካ ፊታቸው አጠር፣ ጭንቅላታቸው ክብ ያሉት ተወደዱና እነሱው እየተመረጡ ይዳቀሉ ጀመር። ይህን መልክ የሚያመጣውን ዘረመል (ጂን) ከአባትም ከእናትም የወረሰ ግልገል ግን የራስ ቅሉ ተዛብቶ ይወለዳል፤ በሕይወትም አይቆይም። ዘር ከልጓም ይስባል ማለት ይኸው ነው።

የውጭ ደም ማስገባት ይህን አደጋ ይቀንሳል፤ የእኔም ምርጫ እሱ ነው። ቢሆንም በጭፍን አይደረግም። የድመቶች ዋና የደም ዓይነቶች ኤ እና ቢ ናቸው። እናቲቱ ቢ፣ አውራው ኤ ከሆነ ልጆቹ በአብዛኛው ኤ ይሆናሉ። በእናቲቱ ደም ውስጥ ያለው የኤ ደም ፀር በእንገሯ በኩል ወደ ግልገሎቹ ገብቶ ቀይ የደም ሕዋሳቸውን ያፈርሳል። ጤነኛ ሆኖ ተወልዶ ሲጠባ የዋለ ግልገል በቀናት ውስጥ ይሞታል፤ አርቢውም ምን እንደነካው ሳያውቅ ይቀራል። እንደ ብሪቲሽ ሾርትሄርና ዴቨን ሬክስ ባሉ ዝርያዎች የቢ ደም በብዛት ስለሚገኝ፣ ከማዳቀል በፊት የሁለቱን ደም ማስመርመር ግዴታ መሆን አለበት።

የዘረመል ምርመራም እንዲሁ ነው። በፐርሺያን ድመቶች ኩላሊት ላይ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች የሚያበዛው በሽታ በአንድ ወቅት ከሦስቱ አንዱን ይዞ ነበር። ዛሬ ለዚህ በሽታ ምርመራ አለ። ጂኑ ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስም ስለሚያሳምም፣ የተገኘበትን ድመት ለማራቢያ መጠቀም ምንም ሰበብ የለውም።

የትኛውም ዘዴ የማያድነው ዝርያም አለ። ስኮቲሽ ፎልድ እ.ኤ.አ. በ1961 ስኮትላንድ ውስጥ ከተገኘች ጆሮዋ የታጠፈ አንዲት የገበሬ ቤት ድመት የመጣ ነው። ጆሮውን የሚያጥፈው ጂን የመላ አካሉን ልም አጥንት የሚያበላሸው ራሱ ነው። ጆሮዋ ካልታጠፈ ድመት ጋር ቢያዳቅሉትም፣ ከሚወለዱት ግልገሎች ጆሮው የሚታጠፈው ሁሉ ያንን ጂን ተሸክሟል። ኔዘርላንድስ ይህን ዝርያ ማራባት እ.ኤ.አ. በ2014 ከልክላለች፤ ሌሎችም ሊከተሏት ይገባል።

ግልገል የምትገዙም የወላጆቹን የምርመራ ውጤት ጠይቁ። ጆሮው የታጠፈ ድመት ከፍ ካለ ቦታ የማይዘል፣ ተቀምጦ የሚውል ሲሆን ብዙዎች «ጨዋ ነው» ብለው ይወዱታል። ያ ድመት ምናልባት መገጣጠሚያውን እያመመው ነው።