እጅ የሚያደነዝዘው ሁሉ ብርድ አይደለም

ደሴ ላይ እጁን ያመመው ሰው መጀመሪያ የሚሰማው «ብርድ ነው» የሚል ነው። ከተማዋ ጦሳ ተራራ ሥር ያለች ደጋ ናት፤ ብርዷ አይካድም። ግን ቀኑን ሙሉ መቀስ የሚጨብጥ፣ ካውያ የሚያነሳ ልብስ ሰፊ ሌሊት ጣቱ ደንዝዞበት እጁን እያራገፈ ሲነቃ፣ ብርዱን ከመውቀስ በፊት ሥራውን ማየት ይገባናል።

ፒያሳ አካባቢ የማውቀው አንድ ልብስ ሰፊ ሱሪ ሲቆርጥ በየመሃሉ መቀሱን ያስቀምጣል። አውራ ጣቱን በግራ እጁ ያሻሻል። መቀሱ ደንዟል፤ ጂንስ ላይ ሲደርስ ትከሻው ሁሉ አብሮ ይታገላል። ምን ሆነህ ነው ስለው፣ «ብርድ ነው ወንድሜ፣ ማታ ቅቤ እቀባዋለሁ» አለኝ።

የእጅ አንጓ ውስጥ ጅማቶችና አንድ ነርቭ በጠባብ መተላለፊያ አብረው ያልፋሉ። አንጓው ታጥፎ ያው እንቅስቃሴ ሲደጋገም የጅማቶቹ ሽፋን ያብጣል፣ ነርቩም ይጨመቃል። አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሃል ጣት ይደነዝዛሉ። ትንሿ ጣት ግን ደህና ትሆናለች፤ ለሐኪም ትልቅ ፍንጭ ነው። ቸል ከተባለ መርፌ ከእጅ ይወድቃል፣ ቁልፍ መቆለፍም ያቅታል።

ወጌሻዎቻችንን አከብራለሁ፤ ለውልቃት ባለሙያ ናቸው። የተጨመቀ ነርቭን በኃይል ማሸት ግን ያባብሰዋል። በጊዜ ከተደረሰበት ማታ ማታ አንጓውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ማሰር ብዙ ሰው ይረዳል። ስኳር፣ የእንቅርት ዕጢ ችግርና እርግዝናም ተመሳሳይ መደንዘዝ ስለሚያመጡ መመርመሩ አይቀርም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ክፍያው ነው። ሰፊው የሚከፈለው በቁጥር ነው። ካረፈ ገቢው ይቀንሳል። ዒድና ፋሲካ ሲቃረቡ ደግሞ ሁላችንም «ለነገ ድረስልኝ» እያልን እንሰለፋለን። እንዲህ ያለውን ሰው «እጅህን አሳርፍ» ብሎ መምከር ቀላል ነው። «አብሽር፣ ያልፋል» ማለትም እንደዚያው።

በ2009 የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ለሚሰፉ ልጆች ቢያንስ ሕግ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሥራ የሚመጣ በሽታ ላይ አሠሪን ተጠያቂ ያደርጋል። በቃል ተስማምቶ ሱቅ ውስጥ የሚሰፋው ግን ሥራው እንደጎዳው በምን ያስረዳ?

ስለዚህ ጥያቄዬ ለሱቅ ባለቤቶች ነው። መቀሱን አስስሉ። የመቁረጫውን ጠረጴዛ ሰፊው ሳያጎነብስ እንዲሠራ ከፍ አድርጉት። አንዱ ሰው ቀኑን ሙሉ ከሚቆርጥ፣ መቁረጡን፣ መስፋቱንና መተኮሱን ተፈራረቁ። የበዓል ትእዛዝ የምትቀበሉበትን የመጨረሻ ቀን በሩ ላይ ለጥፉ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ዘመድም ቢሆን መልሱት። እኛም ጨርቃችንን ሳምንት ቀደም ብለን እናምጣ።