ከኋይት ሪም እስከ ጊቤ በረሃ፦ የአንድ ብስክሌተኛ ትዝብት

በአሜሪካ ኮሎራዶ ለዓመታት የኖርሁ የጅማ ልጅ ስሆን፣ በዚያ አገር ብስክሌተኞች ከሚመኟቸው መንገዶች አንዱ በሆነው፣ በዩታ ግዛት ኬንየንላንድስ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በሚገኘው የኋይት ሪም መንገድ ከጓደኞቼ ጋር ተጉዣለሁ። ዘንድሮ ጅማ መጥቼ የጊቤን ሸለቆ ደግሜ ሳየው፣ ልዩነታችን የገንዘብ ብቻ እንዳልሆነ ታየኝ።

ኋይት ሪም 160 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ጥርጊያ መንገድ ነው። ከላይ ከ350 ሜትር የሚበልጥ ቀይ የገደል ግድግዳ ቆሟል፤ ከታች የኮሎራዶና የግሪን ወንዞች የሸረሸሩት ሸለቆ ተንጣሏል፤ መንገዱ በመካከላቸው በነጭ አለት ጠርዝ ላይ ይዞራል። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስጠረገው የአሜሪካ የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን ሲሆን፣ ለዩራኒየም ፍለጋ ታስቦ ነበር፤ በዚያ ጠርዝ የተገኘው ማዕድን ግን ይህ ነው የሚባል አልሆነም። ቦታው በ1964 (እ.ኤ.አ.) ብሔራዊ ፓርክ ሲባል መንገዱ ለጎብኚ ቀረ።

በዚያ መንገድ የሚጠጣ ውሃ የለም። ፓርኩ አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 4 ሊትር እንዲይዝ ስለሚመክር፣ ሦስትና አራት ቀን የሚጓዙ ብዙዎቹ ብስክሌተኞች ውሃና ድንኳን የጫነ መኪና ያስከትላሉ። ሱቅም ጎሚስታም ስለሌለ፣ ጎማ ሲበሳ የሚለጥፈው ባለቤቱ ነው። ማደር የሚፈቀደው በ10 ሥፍራዎች በተከፋፈሉ 20 ማረፊያዎች ብቻ ሲሆን፣ አስቀድሞ ፈቃድ ያላወጣ ሰው አያድርም። በረሃው እንዳይጨናነቅ ያደረገው ይኸው ነው፤ ወረፋው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትዕግሥት ያስጨርሳል።

የጅማ ከፍታ 1,780 ሜትር ገደማ ነው፤ ከፓርኩ የላይኛው አምባ ብዙም አይርቅም። ዝናባቸው ግን አይገናኝም፤ እዚያ በዓመት 250 ሚሊ ሜትር አይሞላም፣ እዚህ 1,500 ይደርሳል። ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ ከአበልቲ ወደ ጊቤ ድልድይ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ሙቀቱና ጠመዝማዛው የዩታን ያስታውሳል፤ ሰው ግን አይጠፋበትም፤ ብስክሌት ከቆመ ውሃ የሚያቀብልና ጎማ የሚያነሳ ሳይጠራ ይደርሳል። ይህን በዩታ በገንዘብም አላገኘሁትም። የሚያስቸግረው ሌላው ነገር ነው፦ የመንገዱ ዳር ጠባብ ነው፣ ጭነት መኪናውና አውቶቡሱ ለብስክሌት ቦታ አይለቅም፣ ትልቅ ሰው በብስክሌት ሲሄድም እንደ ችግረኛ ይታያል። አንድ የባጃጅ ሾፌር አጠገቤ ቆሞ በአክብሮት፣ «ጋሼ፣ መኪናዎ ተበላሽቶብዎት ነው?» ብሎኛል።

እዚያ ውሃ የማይገኝ መሆኑ፣ የት እንደሚታደርና ዳገቱ የት እንደሚከብድ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ተጽፎ ይደርሰዋል። ስለ ጊቤ ቁልቁለት ይህን ሁሉ የሚያውቁት ሾፌሮችና የመንገድ ዳር ነጋዴዎች ናቸው፤ እውቀታቸውን ሰብስቦ በአንድ ገጽ ማተም የትልቅ በጀት ጉዳይ አይደለም፤ የመንገዱን ዳር ማስፋት ግን የመንግሥት ሥራ ነው። እስከዚያው ሊጓዝ ያሰበ ሰው፣ የቡና ለቀማው ደርሶ ጭነት መኪናው ሳይበዛ፣ በመስከረም መጨረሻ ማለዳ ከአበልቲ ቢነሳ ፀሐዩ ሳይበረታ ድልድዩ ጋ ይደርሳል።