እንጆሪው ይቆየን፤ መጀመሪያ ግፊታቸው ይለካ

ሰሞኑን በአንድ የጠዋት የጤና ፕሮግራም ላይ የቀረቡ የሥነ ምግብ ባለሙያ «በየቀኑ አንድ እፍኝ እንጆሪ ወይም ብሉቤሪ የሚበላ ሰው የመርሳት በሽታ አያሰጋውም» ሲሉ ሰማሁ። ብሉቤሪ ትንሽ ሰማያዊ ፍሬ ነው። አዘጋጁ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቀም። አመስግኖ አለፈ። እኔ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣልኝም።

እናቴን ስድስት ዓመት አስታምሜያለሁ። መጨረሻ ላይ «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» ትለኝ ነበር። ስለዚህ «አያሰጋውም» የሚለው ቃል ለእኔ ቀላል አይደለም። ያን ንግግር የሰማች አንዲት ልጅ፣ የታመመች እናቷን እያየች «ምነው እንጆሪ ባበላኋት ኖሮ» እያለች ስትብሰለሰል ይታየኛል። ይህን ጸጸት በሰው ላይ መጫን ነውር ነው።

ከሁሉ የባሰው ደግሞ «አያቶቻችን አጋምና ቀጋ፣ የዱር እንጆሪም እየበሉ ስላደጉ ይህን በሽታ አያውቁትም ነበር» ያሉት ነው። አያውቁትም? ስሙን ነው የማያውቁት! «ጃጁ» ነበር የሚባለው። «ዕድሜ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ደጅ ወጥተው መመለሻው የጠፋባቸው፣ የሞተ ባላቸውን ሲጣሩ የሚያመሹ አሮጊት ያልነበሩበት ሰፈር የት ነው? ደግሞስ በዚያ ዘመን ስንቱ ነው ለ80 ዓመት የበቃው? በሽታው በብዛት የሚመጣው ከ65 ዓመት በኋላ ነው። ብዙ ሰው በወባና በተስቦ ገና በጉልምስናው የሚቀጠፍበትን ዘመን ጠቅሶ አጋምን መድኃኒት ማድረግ ያስተዛዝባል።

ጥናት አለ ይሉኛል። አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው የአሜሪካ ነርሶች ጥናት ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶችን አይቷል። ብሉቤሪና እንጆሪ አዘውትረው የሚበሉት የአእምሯቸው መድከም እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ዘግይቶ ታይቷል። ግን ብሉቤሪ አዘውትሮ የሚገዛ ሰው ማን ነው? ገንዘብ ያለው፣ የሚንቀሳቀስ፣ ሐኪሙን በጊዜ የሚያይ ሰው ነው። ፍሬውን ከኑሮው ማን ይለየዋል? ደጋግሞ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. የ2010ሩ የብሉቤሪ ጭማቂ ጥናት ደግሞ ጭማቂውን የጠጡት 9 ሰዎች ናቸው። ዘጠኝ! እንጆሪንና ብሉቤሪን የመሳሰሉ ፍሬዎችን ከዋና ዋና ምግቦቹ የሚቆጥረው፣ ለአእምሮ ጤና ተብሎ የተዘጋጀው ማይንድ የተባለው አመጋገብም በ604 ሰዎች ላይ ለሦስት ዓመት ተፈትኗል። በ2023 ውጤቱ ሲወጣ ከማነጻጸሪያው ቡድን ጋር ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ግፊት ነው። ደም ግፊት ድምፁን አጥፍቶ ለዓመታት የአንጎልን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጎዳል። ደም በወጉ ያልደረሰው የአንጎል ክፍል ቀስ እያለ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ትልቅ ጥናት ከ9 ሺህ በላይ ሰዎችን ለሁለት ከፈለ። የአንዱ ቡድን የላይኛው ግፊት ከ120 በታች እንዲሆን ታከመ፣ የሌላው ከ140 በታች። ከ120 በታች ከታከሙት ውስጥ ቀለል ያለ የማስታወስና የማሰብ ችግር የገጠማቸው ከሌሎቹ በ19 በመቶ ያነሱ ነበሩ። በ2024 ደግሞ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያሰባሰበው የባለሙያዎች ኮሚሽን ሊከላከሏቸው የሚቻሉ 14 የመርሳት በሽታ አጋላጭ ምክንያቶችን ዘረዘረ። ግፊት አለ፣ ስኳር አለ፣ የመስማት ችግር አለ፣ ሲጋራ አለ፣ ብቸኝነት አለ። እንጆሪ አለመብላት የለበትም።

እናቴ ግፊት እንዳለባት ያወቅነው በ67 ዓመቷ፣ ቤት ውስጥ ወድቃ ሐኪም ቤት ስናደርሳት ነው። የላይኛው 190 ነበር። ራስ ምታቷን ለስንት ዓመት «ፀሐይ መቷት ነው»፣ «ጾሙ ነው» ስንል ኖረናል! መድኃኒት ሲጀመርላት ደግሞ ትንሽ ቀለል ሲላት ታቆመዋለች። እኛም «ተሽሏታል» ብለን ዝም እንላለን። ግፊት ግን ስለተሻለን አይተወንም። የእናቴን አእምሮ የበላው ግፊት ነው። እንዲህ ብሎ የጻፈልኝ ሐኪም የለም፤ እኔ ግን አልጠራጠርም።

በዓለም ላይ ግፊት ካለባቸው አዋቂዎች ግማሽ ያህሉ እንዳለባቸው አያውቁም። ጤና ጣቢያ ገብቶ መለካት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ያ ፕሮግራም ያን ሁሉ ሰዓት ይዞ ይህችን አንዲት ነገር ሳይናገር ተዘጋ! በጡረታ ደመወዝ ለሚኖሩ አባት፣ አይተውት የማያውቁትን ብሉቤሪ እንዲገዙ ተነገራቸው።

እንጆሪ አትብሉ አላልኩም። ጥሩ ፍሬ ነው፣ ከኬክና ከለስላሳ ይሻላል። ግን ባለሙያዋ «አያሰጋውም» ያሉትን እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው ሊያስተካክሉት ይገባል።

እናቴ ገጠር ነው ያደገችው። አጋምና የዱር እንጆሪ እየለቀመች ስትበላ መዋሏን ሳትሰለች ታወራን ነበር። ስሜ ከጠፋባት በኋላ እንኳ አጋሙ ያለበትን ገደል ታስታውሰው ነበር።