ስትርቶክ የሚሉት ጣጣ

ዛሬስ ልተንፍስ። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ስፕሊት (ቁረጥ) ብላችሁ ቡናችሁን የምትጠጡ ሰዎች ይህ አይመለከታችሁም፤ እለፉት። ይህ፣ አንድ መስመር ጽሑፍ በኮማ ለመቆራረጥ ግማሽ ቀን ለሚፈጅባቸው፣ ሲ (C) በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ለሚጽፉ ወገኖቼ ነው።

ሲ ለዚህ ሥራ የሰጠን ፈንክሽን፣ ማለትም በስሙ ሲጠሩት የሚሠራ ዝግጁ ኮድ፣ ስትርቶክ (strtok) ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የቋንቋው ስታንዳርድ ውስጥ ገባ፤ ዛሬም እዚያው ተቀምጧል። ኮድ ውስጥ የሚጠራበት መንገድ ራሱ ግራ ነው። መጀመሪያ ስትሪንጉን፣ ማለትም ጽሑፉን፣ ትሰጡታላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ናል፣ ማለትም ባዶ። ለምን ቢሉ፣ የት እንደደረሰ በሆዱ ይዞታል፤ በስታቲክ ፖይንተር፣ ማለትም ከጥሪ ጥሪ በማይጠፋ የቦታ ምልክት። አንድ ሆድ ብቻ ነው ያለው። ፋይሉን በመስመር እየቆረጣችሁ፣ በውስጡ ደግሞ እያንዳንዱን መስመር በኮማ ልቁረጥ ብትሉ፣ የውስጡ ሉፕ (ድግግሞሽ) ሲጨርስ የውጪው የት እንደነበር ይረሳል። የመጀመሪያው መስመር ተሠርቶ ሥራው ያበቃል። ኤረር የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ፣ ዝም።

ደግሞስ ጽሑፉን ማን ቁረጠው አለው? ቅጂ አይሰጣችሁም። ኮማው በነበረበት ቦታ ዜሮ ባይት፣ የጽሑፍ ማብቂያ ምልክቱን፣ ይጽፍበታል። ልኬት ውሰድልኝ ብላችሁ የሰጣችሁት ልብስ ሰፊ ጨርቁን በመቀስ ሲጀምረው አስቡት። ኮድ ውስጥ በጥቅስ የተጻፈ ቋሚ ስትሪንግ ከሰጣችሁትማ ፕሮግራሙ አብዛኛውን ጊዜ ሴግመንቴሽን ፎልት (ያልተፈቀደ የሜሞሪ ቦታ ተነካ) ብሎ ይዘረራል። የሊኑክስ ማኑዋል እንኳ ራሱ ተጠንቀቁ ይላል!

ባዶ ቦታንም አያውቅም። «አልማዝ,,ጎንደር» የሚል መስመር አለ እንበል፤ መሃሉ ስልክ ነበር፣ አልተሞላም። ስትርቶክ ሁለቱን ኮማ እንደ አንድ ቆጥሮ ያልፋል። ጎንደር የአልማዝ ስልክ ቁጥር ትሆናለች።

ስትርቶክ_አር አለ ትሉኛላችሁ። አዎ፣ የፖዚክስ (የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች ስታንዳርድ) ነው፣ የሆዱን ነገር ይፈታል፤ ባዶውን ግን እሱም ይውጣል። ስትርሴፕ የሚባለው ሌላ ፈንክሽን ባዶውን ያከብራል፤ ስታንዳርዱ ውስጥ ግን የለም። ስትርቶክ_ኤስ ደግሞ በሲ11 (በ2011ዱ የሲ) ስታንዳርድ አራት ነገር ይቀበላል፣ በማይክሮሶፍቱ ሦስት። ስም አንድ፣ ጠባይ ሁለት።

ይህን ሁሉ እሺ ብዬ ልኑር። ያናደደኝ ግን አማርኛው ነው።

ስትርቶክ የመለያ ዝርዝር እንጂ መለያ አይቀበልም። የምትሰጡት ስትሪንግ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ባይት ለብቻው መቁረጫ ይሆናል። ለእንግሊዝኛው ኮማ ችግር የለውም፤ አንድ ባይት ነው። የእኛ «፣» ግን በዩቲኤፍ-8፣ ፊደልን በባይት ቁጥሮች በሚጽፈው አሠራር፣ ሦስት ባይት ናት፦ 225፣ 141፣ 163። አሁን ጉዱን ተመልከቱ። ከሀ እስከ ፐ ያለው መደበኛ ፊደላችን በሙሉ በ225 ይጀምራል። በሙሉ! ስለዚህ በ«፣» ቁረጥልኝ ስትሉት ፊደል ባየ ቁጥር የፊደሉን ራስ ይቆርጠዋል።

«አልማዝ፣ጎንደር» ስጡት። ሁለት ቃል ስትጠብቁ ስምንት ቁራጭ ያወጣል፤ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ። ቁራጮቹም ፊደል አይደሉም፣ ራስ የሌላቸው ባይቶች ናቸው፤ ስክሪኑ ላይ የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ታያላችሁ። «ል» ከሁሉም ብሳለች፤ 225፣ 136፣ 141 ስለሆነች ሁለቱን ተበልታ 136 ብቻ ትቀራለች። «ባ» እና «ጣ»ም በ163 ስለሚያልቁ ያው ናቸው። ከዚያ ሰው ስክሪኑን አይቶ «የአማርኛ ፎንት አልጫንክም እንዴ?» ይላል። ፎንቱ ምን አደረገ?

መውጫው ስትርስትር (strstr) የሚባለው የሲ ፈንክሽን ነው። ሦስቱን ባይት በተራቸው፣ እንደ አንድ ነገር ስለሚፈልግ ፊደል አይሰብርም። ካገኘበት ሦስት ባይት ዘልሎ መቀጠል ነው። ዋናውን ጽሑፍ አይነካም፣ ባዶውንም አይውጥም። ሉፑን ግን ራሳችሁ ትጽፋላችሁ፤ ርዝመቱን ራሳችሁ ትቆጥራላችሁ፤ ማሎክና ፍሪውንም (ሜሞሪ መጠየቁንና መመለሱን) እንዲሁ።

እሱን ጽፌ ጨረስኩ ስል ደንበኛው አዲስ ፋይል ላከልኝ። ግማሹ መስመር በ«፣» ነው፣ ግማሹ በእንግሊዝኛው ኮማ። አንዳንዱ መስመር ላይ ሁለቱም አሉ።